የጊታረኛው ወንበር
ስለ ፍላሜንኮ ዳንስ ትምህርት ቤቶችና ስለ ገበያቸው የቀረበ ሂስ

ስፔናዊው የፊልም አዘጋጅ ካርሎስ ሳውራ በ1983 «ካርመን» የተባለውን ፊልም ሲሠራ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አብዛኛውን ታሪክ ያስቀመጠው መስታወት በተደረደረበት የዳንስ መለማመጃ አዳራሽ ውስጥ ነበር። በዚያ አዳራሽ ውስጥ አንዲት አጭር ትዕይንት አለች። የቢዜ ኦፔራ ሙዚቃ ከቴፕ ይሰማል፤ የዳንሱ መሪ አንቶኒዮ ጋዴስ ያዳምጣል፤ ጊታረኛው ፓኮ ዴ ሉሲያ ግን ዜማውን ከቴፑ ይቀበልና ዳንሰኛ ሊረግጠው በሚችለው በቡሌሪያ ምት መልሶ ይጫወተዋል። ቴፑ የተቀዳበትን ብቻ ይደግማል፤ ጊታሩ ግን የዳንሰኛዋን እግር እያየ ይመልሳል። ይህች ትዕይንት ስለ ፍላሜንኮ ከተጻፉ ብዙ ገጾች ይልቅ የጥበቡን ባሕርይ አጉልታ ታሳያለች።

ሳውራ ያላሳየን ነገር ቢኖር የአዳራሹን ኪራይ ነው። በፊልሙ ውስጥ ዳንሰኞቹ ይለማመዳሉ፣ ይዋደዳሉ፣ ይቀናናሉ፤ ወለሉን ማን እንዳነጠፈው፣ ለጊታረኛው የድካሙን ዋጋ ማን እንደሚከፍለው የሚጠይቅ ግን የለም። ፊልም ይህን ሊዘል ይችላል። ዳንሱን ከመውደዱ የተነሣ ትምህርት ቤት የከፈተ ሰው ግን ሊዘለው አይችልም። ፍቅር ወደ መተዳደሪያ ሲለወጥ ከጥበቡ የትኛው ክፍል ይተርፋል? የትኛውስ ይጠፋል? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው። መልሴን አስቀድሜ ልናገር፦ የአንድ የፍላሜንኮ ትምህርት ቤት ጥበባዊ ደረጃ የሚታወቀው በመማሪያ ክፍሉ ጥግ ባለች አንዲት ወንበር ነው። ጊታረኛ ከተቀመጠባት ጥበቡ አለ፤ የድምፅ ማጫወቻ ከተቀመጠባት የቀረው ንግዱ ነው።

ገንዘብና ጥበብ

ስለ ባሕል የሚጽፉ አንዳንድ ሰዎች ጥበብ ንጹሕ የነበረው ገንዘብ ከመምጣቱ በፊት ነው ይላሉ። የፍላሜንኮ ታሪክ ይህን አስተያየት አይደግፍም። በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ በሴቪያ፣ በካዲስ፣ በሄሬስና በማድሪድ «ካፌ ካንታንቴ» የሚባሉ ቤቶች ተስፋፍተው ነበር። ደንበኛው ለመጠጡ ይከፍላል፤ ዘፈኑንና ዳንሱንም ያያል። ታላቁ ዘፋኝ ሲልቬርዮ ፍራንኮኔቲ ራሱ በሴቪያ የእንዲህ ያለ ቤት ባለቤት ነበር። ቀድሞ በየቤቱ፣ በየአንጥረኛው ጎጆና በየድግሱ ይሰማ የነበረው ዘፈን መድረክ ላይ የወጣው፣ ዘፋኙ፣ ጊታረኛውና ዳንሰኛው አንድ ላይ ተቀናጅተው መሥራት የለመዱት፣ ብዙዎቹም ዘይቤዎች ዛሬ የምናውቀውን ቅርፅ የያዙት በእነዚህ ቤቶች ነው። የማስተማሩም ሥራ አዲስ አይደለም። በዚያው መቶ ዓመት የሴቪያ የዳንስ መምህራን ለውጭ አገር መንገደኞች ትርኢት እያሳዩና ትምህርት እየሰጡ ይኖሩ ነበር፤ ከእነሱ አንዱ የነበረው ሆሴ ኦቴሮ በ1912 ስለ ዳንስ ያዘጋጀውን መጽሐፍ እስከ ማሳተም ደርሷል።

በ1922 የሙዚቃ ደራሲው ማኑኤል ዴ ፋያና ወጣቱ ገጣሚ ፌዴሪኮ ጋርሲያ ሎርካ ከወዳጆቻቸው ጋር ሆነው በግራናዳ ከተማ በአልሐምብራ ቅጥር ውስጥ የጥንቱን ዘፈን ውድድር አዘጋጁ። ስጋታቸው እውነተኛ ነበር፤ ንግድ ጥልቁን ዘፈን እያቀለለው እንደሆነ ይሰማቸው ነበር። መድኃኒት ብለው የመረጡት ግን ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በላይ የሆኑትን ባለሙያ ዘፋኞች ከውድድሩ ማስወጣት ሆነ። ከዳኞቹ ፊት የተቀመጠው ሰው ማን ነበር? በመዝፈን የሚተዳደረው አንቶኒዮ ቻኮን። ገንዘብ ያላረከሰውን ዘፈን ለመለየት ሕይወቱን ሙሉ በዘፈን ገንዘብ የኖረ ጆሮ አስፈለገ። ይህ ተቃርኖ በቂ ትምህርት ይመስለኛል። ስለዚህ ልንጠይቅ የሚገባን ገንዘብ ይኑር አይኑር የሚለውን ትተን፣ ገንዘቡ ምን እንዲገዛ ተደረገ የሚለውን ነው።

የግቢው መፍረስ

ጥበቡን ለረጅም ዘመን ተሸክመው ካቆዩት ወገኖች መካከል ሂታኖ የሚባሉት የስፔን ጂፕሲዎች ዋነኛውን ቦታ ይይዛሉ። በሴቪያ ከወንዙ ማዶ ባለው የትሪያና ሰፈር ብዙ ቤተሰቦች አንድ ግቢ ተጋርተው ይኖሩ ነበር። በዚያ ግቢ ሕፃን ልጅ ምት የሚማረው አፍ እንደሚፈታ ሁሉ ሳያውቀው ነው። የአያቱን ጭብጨባ እየሰማ ያድጋል፤ ሰርግና ክርስትና ትምህርት ቤቱ ነው፤ ክፍያ የሚጠይቀው የለም። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ግን ከእነዚህ ቤተሰቦች ብዙዎቹ ከትሪያና እየተነሡ ከከተማው ዳር በተሠሩ አዳዲስ ሕንፃዎች እንዲሰፍሩ ተደረገ። የተበተኑትን የሰፈሩን ሽማግሌዎች አንድ ቀን በአንድ መድረክ ያሰባሰበው የ1983 ዝግጅት በፊልም ተቀርጾ ስለነበር፣ በ2013 «ትሪያና ፑራ ይ ፑራ» በተሰኘው ዘጋቢ ፊልም ውስጥ ለማየት ችለናል። ያረጁ ሴቶች ሁለት ርምጃ ተራምደው፣ እጃቸውን ከፍ አድርገው፣ በቃ ብለው ሲመለሱ ያየ ሰው፣ በወርኃዊ ክፍያ የማይገኝ ነገር እንዳለ ይገባዋል።

እንግዲህ ባለትምህርት ቤቱ የተረከበው ከባድ አደራ ነው። ግቢው በነፃ ይሰጠው የነበረውን እሱ በዋጋ እንዲሰጥ ተገድዷል። በ2010 በናይሮቢ በተካሄደው ስብሰባ ፍላሜንኮ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲሰፍር፣ ጥበቡ በቤተሰብ፣ በከያንያን ትውልድና በማኅበራት አማካይነት እንደሚተላለፍ ተገልጿል። እውነት ነው። ሆኖም ከእነዚህ ሁሉ ውጭ የተወለደ፣ ምናልባትም ከቶኪዮ ወይም ከበርሊን የመጣ ተማሪ የሚያንኳኳው በር የትምህርት ቤቱን በር ነው።

የሚሸጠውና የማይሸጠው

የፍላሜንኮ እምብርት ስፔናውያን «ኮምፓስ» የሚሉት የምት ዑደት ነው። ሶሌያ በሚባለው ዘይቤ ዑደቱ 12 ምት ሲኖረው ጠንከር ብለው የሚወድቁት 3ኛው፣ 6ኛው፣ 8ኛው፣ 10ኛውና 12ኛው ናቸው። በሦስት በሦስት መራመድ የጀመረው ምት ከመካከል ወደ ሁለት በሁለት ይለወጣል። ዳንሰኛዋ በዚህ ዑደት ውስጥ ሆና ከሌሎች ጋር ትነጋገራለች። በእግሯ ጥሪ ታሰማለች፤ ዘፋኙ ይገባል፤ እሱ ሲዘፍን እሷ እግሯን ገታ አድርጋ በክንዷና በወገቧ ታደምጠዋለች፤ ስንኙ ሲያልቅ በርግጫ ትዘጋለታለች። ዘፋኙ ዜማውን ቢያረዝም ትጠብቀዋለች፤ እሷ ብትፈጥን ጊታረኛው ይከተላታል። አጨብጫቢዎቹ ደግሞ መዳፋቸውን አንድ ጊዜ አጉድጉደው፣ አንድ ጊዜ አጥርተው ሁሉንም ያያይዛሉ።

አሁን ሂሳቡን እንመልከት። ተማሪዋ በየወሩ ትከፍላለች፤ በየወሩም ያገኘችውን ማየት ትፈልጋለች። ርምጃ ይታያል፤ ምት አይታይም። ባለ አራት ደቂቃ ዳንስ ከነአለባበሱ አጥንታ በዓመቱ መጨረሻ በወላጆቿና በወዳጆቿ ፊት ብታሳይ ሁሉም ያጨበጭባሉ። አንድ ዓመት ሙሉ ተቀምጣ ማጨብጨብ ብትማር ግን ማን መጥቶ ያያታል? በሌላ በኩል መምህሯ ኪራይ አለባት። የፍላሜንኮ ጫማ ጫፉና ተረከዙ በምስማር የተመታ በመሆኑ ማንኛውም ወለል አይችለውም፤ እንጨት መነጠፍ አለበት፤ ከታች ያለው ጎረቤትም ዝም አይልም። ገንዘቡ ሲያጥር በመጀመሪያ የሚቀረው ዘፋኙ ነው። ቀጥሎ የሚቀረው ጊታረኛው ነው። በወንበሩም ላይ ማጫወቻው ይቀመጣል።

ይህን የምጽፈው ከሩቅ ሆኜ ለመፍረድ አይደለም። እኔም በተውኔት ሥራዬ አንድ ጊዜ በጀት ሲያጥር ማሲንቆ መቺውን አሰናብተን ዜማውን በቴፕ ያስገባን ዕለት ነበር። ተዋንያኑ በሦስተኛው ቀን ልምምድ ቴፑን መጠበቅ ጀመሩ። ልባቸው ሲሞላ ቃሉን የሚናገሩት ቀርተው፣ ዜማው ሲያልቅ የሚናገሩ ሆኑ። ተመልካቹ ምን እንደጎደለ ለይቶ ባይነግረንም እንደ ቀድሞው ፊቱ አልበራም። ያን ጊዜ የቆጠብነው ብር ጥቂት ነበር፤ ያጣነው ግን የትያትሩን እስትንፋስ ነው።

በፍላሜንኮም የሚደርሰው ይኸው ነው። ሦስት ዓመት በቴፕ የተማረች ዳንሰኛ ሕያው ዘፋኝ ፊት ብትቆም፣ እሱ ስንኙን ሲያረዝም እሷ ጨርሳ ትቆማለች። የተማረችው ንግግር ነበር፤ ያጣችው ጨዋታውን ነው።

ሌላ መንገድ የነበራቸው

ችግሩ መውጫ የሌለው አለመሆኑን የሚያሳዩ መምህራን ነበሩ። በሴቪያ ለብዙ ዓመታት ያስተማረው ኤንሪኬ ሂሜኔስ «ኤል ኮሆ»፣ ማለትም አንካሳው፣ ይባል ነበር። አጭርና ወፍራም ሰው ነበር፤ እግሩም ከልጅነቱ ጀምሮ የተጎዳ ነበር። በ1985 እስኪሞት ድረስ ግን ከታዋቂዋ ዳንሰኛ ከማኑዌላ ቫርጋስ እስከ አልባዋ ዱቼስ ድረስ ብዙዎች ከእጁ ተምረዋል። የእግሩን ፍጥነት አሳይቶ ደንበኛ ሊስብ የማይችል ሰው ምን ሸጠ? የክንዱን አወጣጥ፣ ሰዓቱን ጠብቆ ዝም ማለትን፣ የሌላውን ስሕተት የሚያይ ዓይኑን። የጥበቡን አስኳል በመሸጥም እንጀራ እንደሚበላ በራሱ አካል አስመስክሯል።

በትሪያና የተወለደችው ማቲልዴ ኮራልም በሴቪያ ትምህርት ቤቷ የከተማዋን ሴቶች ዳንስ ሥርዓት አስይዛ አስተምራለች፤ ባለ ረጅም ጭራውን ቀሚስ፣ «ባታ ዴ ኮላ»ን፣ ስለ መንዳት ጥበብ ከሌሎች ጋር ያዘጋጀችው መጽሐፍ በ2003 ወጥቷል። በማድሪድ ደግሞ «አሞር ደ ዲዮስ» የተባለው ማእከል ክፍሎቹን ለመምህራንና ለከያንያን ያከራያል። ከአንቶን ማርቲን ገበያ በላይ ስለሚገኝ፣ ከታች ዓሣና አትክልት ሲሸጥ ከላይ የእግር ምት ይሰማል። የኪራዩን ሸክም ብዙዎች ስለሚካፈሉት አንድ መምህር ብቻውን ሕንፃ ተሸክሞ አይወድቅም። ይህ የአሠራር ጉዳይ ቢመስልም ለጥበቡ የሚሰጠው ጥቅም ቀላል አይደለም፤ ከኪራይ የተረፈው ገንዘብ ለጊታረኛው ሊደርስ ይችላልና።

«ጀማሪ ተማሪ ለጊታረኛ የሚከፈል ገንዘብ ከየት ያመጣል?» የሚል ሰው ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን መዳፍ ኪራይ አይጠይቅም። ግማሹ ክፍል ሲደንስ ግማሹ ተቀምጦ ቢያጨበጭብ፣ መምህሯም ድምፅዋ ባያምር እንኳ ስንኙን ብታንጎራጉር፣ ተማሪው ገና ከመጀመሪያው ቀን ሰው ማዳመጥ ይለምዳል። ጊታረኛው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ቢመጣ እንኳ ያ ቀን የሌሎቹን ቀናት ስሕተት ያርማል። የዓመቱ መጨረሻ ትርኢትም ቢያጥር፣ የዳንሱ ቁጥር ቢቀንስ፣ ግን በሕያው ዘፈን ቢቀርብ፣ ወላጆች የሚያዩት ልጃቸው አንድ ዘፋኝ ስትጠብቅና ስትመልስለት ይሆናል። ይህ ከአለባበሱ ይልቅ የሚያኮራ ነው።

ፍቅሩን መተዳደሪያው ያደረገ ሰው ሊወቀስ አይገባም፤ ሲልቬርዮም፣ ኤንሪኬም እንዲሁ ኖረዋል። የሚወቀሰው፣ ሂሳቡ ሲጎድል ከሁሉ አስቀድሞ የጥበቡን ልብ ከወጪ ዝርዝር የሚሰርዝ ነው። የቀለሙ ቅብ ይቅር፤ መስታወቱም ይነስ፤ የበር ላይ ጽሑፉም በእጅ ይጻፍ። ከክፍሉ ጥግ ያለችው ወንበር ግን ባለቤቷ ይቀመጥባት።