«ቋ» ካለ ሶሌኖይዱ ነው?

ቁልፉ ይዞራል፣ ከኮፈኑ ስር አንዴ «ቋ» ይላል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ያን ጊዜ በአካባቢው ያለ ሰው ሁሉ ሐኪም ይሆናል። አንዱ «ሶሌኖይዱ ነው፣ በቃ ቀይረው» ይላል። ሌላው መዶሻ አንስቶ ሞተሪኖውን መታ መታ ያደርግና መኪናው ሲነሳ «አላልኳችሁም?» ብሎ ይኮራል። መኪና ጥገና እናስተምራለን የሚሉ ብዙ አጫጭር ቪዲዮዎችም ከዚህ አያልፉም። መዶሻው መኪናውን ሊያስነሳው ይችላል፤ ምን እንደተበላሸ ግን አይነግራችሁም።

እስቲ ሶሌኖይዱ የሚሠራውን እንይ። ሞተሪኖው ላይ የተገጠመ ጥቅል ሽቦ ነው። ቁልፉ ሲዞር በቀጭን ሽቦ ኤሌክትሪክ ይደርሰውና ማግኔት ሆኖ መሃሉ ያለውን የብረት ዘንግ ይስባል። ዘንጉ በአንድ በኩል የሞተሪኖውን ትንሽ ጥርስ ገፍቶ ከሞተሩ ትልቅ ጥርስ ጋር ያገናኛል። በሌላ በኩል ደግሞ ከባትሪው የሚመጣውን ወፍራም ኬብል በመዳብ በኩል ከሞተሪኖው ጋር ያገጣጥማል። «ቋ» የሚለው ይኸው ዘንግ ነው። እንግዲህ ድምፁ የሚመሰክረው ጥቅል ሽቦው መሥራቱን ነው እኮ! መዳቡ ተቃጥሎ ይሁን የሞተሪኖው ካርቦን አልቆ፣ ድምፁ አይለይም። መዶሻውም አይለይም፤ የተቃጠለውን መዳብም ያለቀውን ካርቦንም ለጊዜው ሊያነካካ ይችላል።

ጆሮ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» እያለ ከተንጣጣ መጀመሪያ ባትሪውንና የኬብሎቹን ጫፍ ጠርጥሩ፤ መዳቡ በነካ ቁጥር ቮልቱ ይወድቃል፣ ማግኔቱ ይለቃል፣ ቮልቱ ሲመለስ ደግሞ ይስባል። ጭራሽ ዝም ካለ ፊውዙንና ቀጭኑን ሽቦ ፈትሹ።

«በቴስተር ኦሙን ለክቼዋለሁ፣ ደህና ነው» የሚለውም አያሳምነኝም። ቴስተሩ የሚልከው ኤሌክትሪክ እጅግ ትንሽ ነው፤ ሞተሪኖ ግን ከ100 አምፔር በላይ ሊጠጣ ይችላል። በተቃጠለው መዳብ ላይ 0.05 ኦም ብቻ ቢኖር ተራ ቴስተር አያየውም። 100 አምፔር ሲያልፍበት ግን 100 × 0.05 = 5 ቮልት እዚያው ይቀራል። ከ12 ቮልት ላይ 5 ሲቀነስ ሞተሪኖው በምን ይዞራል?

ስለዚህ የሚለካው በሥራ ላይ ነው። ማርሹን ነፃ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ። ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርጋችሁ በሶሌኖይዱ ሁለት ወፍራም ብሎኖች ላይ ግጠሙና ሌላ ሰው ቁልፉን ያዙር። ቁልፉ ሳይዞር 12 ገደማ ያነባል፤ ሲዞር ከግማሽ ቮልት በታች መውረድ አለበት። «ቋ» ብሎም 12 ላይ ከቀረ መዳቡ አልተገናኘም፣ ጥፋቱ ሶሌኖይዱ ውስጥ ነው። ዜሮ አጠገብ ወርዶ፣ ባትሪውም ሳይደክም ሞተሪኖው ካልዞረ ግን ሶሌኖይዱን መቀየር ገንዘብ መጣል ነው።

ብሎኖቹን በካቻቢቴ ማገናኘትንስ? እሱን አትሞክሩት። ብልጭታው አንድ ነገር ነው። ከዚያ የሚብሰው ማርሽ ገብቶ ከሆነ መኪናው ካቻቢቴውን በያዘው ሰው ላይ ሊሄድበት መቻሉ ነው።

ጋራዥ ስትሄዱም ሞተሪኖው ከመፈታቱ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ ቁልፉ ሲዞር በሁለቱ ብሎኖች መካከል ስንት ቮልት አነበባችሁ?