ካርዱ መና፣ በሽተኛው ጎባ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። ከደሎ መና ተነስቶ፣ የሐረናን ጫካ አልፎ፣ ሳነቴን አቋርጦ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል የሚደርስ ሕመምተኛ ግን ምን ደበቀ? የደበቀው ካርድ ክፍሉ ነው። በእጁ አንዲት የሪፈር ወረቀት ይዟል፤ የዓመታት ታሪኩ መደርደሪያ ላይ ቀርቷል። ጎባ ላይ ምርመራው ከ«ሀ» ይጀምራል፤ ወጪውም እንደዚያው።

ኮምፒዩተር አልገባም አልልም። ስማርትኬር የተባለው ሥርዓት በውጭ እርዳታ ወደ ሆስፒታሎቻችን ከመጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ጤና ጥበቃም በ2008 ዓ.ም. በጀመረው ዕቅዱ «የመረጃ አብዮት» ብሎ ተነስቶ ነበር። ነገር ግን ነርሷ ካርድ ላይ የጻፈችውን መልሳ ኮምፒዩተር ላይ ጻፊ ከተባለች ሥራዋ እጥፍ ሆነ እንጂ መች ቀለለ? መብራት ሲጠፋና እርዳታው ሲያልቅ ደግሞ ያው ወደ ወረቀቱ ነው።

ሀብታሟ አሜሪካ እንኳ ሐኪሞቿን ከወረቀት ያላቀቀችው በምክር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ሕግ ለአንድ ሐኪም እስከ 44,000 ዶላር ማበረታቻ መድባለች። የእኛ አገር የትንሽ ክሊኒክ ባለቤት ታዲያ በምን አቅሙ? ብድር፣ የቀረጥ እፎይታና እዚያው ወረዳው የሚገኝ የጥገና ባለሙያ ይቅደምለት።

እኔ አብዮቱ ደረሰ የምለው የተገዛው ኮምፒዩተር ተቆጥሮ ሪፖርት ሲደረግ አይደለም፤ የመናው ሰው ታሪክ ከራሱ ቀድሞ ጎባ ሲገባ ነው።