«ጥቁር» የሚባል ዘረ-መል የለም

ሶዶ ላይ ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት የግፊት ኪኒን ቢወስዱ፣ የአንዱ ግፊት ወርዶ የሌላው ንቅንቅ ላይል ይችላል። ለምን? ጨው አለ፣ ክብደት አለ፣ ኪኒን መርሳት አለ፤ ዘረ-መልም አለበት።

የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ ግን አቋራጭ ይዟል፦ የስኳር ሕመም የሌለበት ታካሚ ዘሩ ከጥቁር አፍሪካውያን ከሆነ፣ እንደ አምሎዲፒን ባለ መድኃኒት ጀምሩ ይላል። ምክሩ መሠረት አለው። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመው «ክሪዮል» ጥናት በስድስት የአፍሪካ አገሮች 728 ሰዎችን አይቶ፣ አምሎዲፒን ያለባቸው ጥምረቶች ግፊትን የበለጠ እንደሚያወርዱ አሳይቷል። ኢትዮጵያ ግን ከስድስቱ አንዷ አልነበረችም።

ደግሞም አማካይ ውጤት የእያንዳንዱ ሰው ውጤት አይደለም። እስቲ ሌላውን የግፊት መድኃኒት፣ ሜቶፕሮሎልን እንመልከት። ጉበታችን በዋናነት የሚሰባብረው ሲዋይፒ2ዲ6 በተባለ ኢንዛይም ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከመረመራቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የኢንዛይሙ ዘረ-መል ተጨማሪ ቅጂ ነበራቸው። ቅጂው ሲበዛ መድኃኒቱ ከደም ቶሎ ይጠፋል። ታዲያ «ጥቁር» የሚለው ቃል 29ኙን ከ71ዱ እንዴት ይለያል? አይለይም።

ምርመራው ወላይታ ላይ አይቻልም እንዳትሉ። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት የወላይታ ሰዎችን ዘረ-መል መርምሮ፣ በባዶ እግር ቀይ አፈር ከመርገጥ ለሚመጣው የእግር እብጠት የሚያጋልጡ ልዩነቶችን አግኝቷል። ለግፊት መድኃኒትም ያው ጥያቄ ሊጠየቅ ይገባል።

እስከዚያው ዋናው መሣሪያ የግፊት መለኪያው ነው። ቤታችሁ ውስጥ ኪኒኑ «አልሠራልኝም» የሚል ሰው ካለ በራሱ እንዳያቋርጥ ንገሩት፤ ተለክቶ ሐኪሙ ይቀይርለት።