የማግኔት ማዳመጫው በቦንጋ ምን ሰማ?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ ማንኛውም ተማሪ ዕቃውን ገዝቶ በገዛ እጁ ሊገጣጥመው ስለሚችለው የኤሌክትሮማግኔት ማዳመጫ መሣሪያ ፍርድ ለመስጠት ነው። መሣሪያውን የሚያመሰግኑ ሰዎች «የማይሰማውን ያሰማል፤ የተሰወረውን ዓለም ይገልጣል» ይላሉ። እኔም ከእነዚሁ ሰዎች አንዱ ነበርሁ። በቦንጋ አጠገብ ካለው ጫካ የቀዳሁትን ድምፅ «የጫካው ድምፅ» ብዬ በተማሪዎች ስብሰባ ላይ አሰምቼ ተጨብጭቦልኛል። ነገሩ ግን እንዳልሁት ሆኖ አልተገኘም። እንግዲህ ትችቱ በመሣሪያው ላይ ብቻ ሳይሆን በራሴም ላይ ስለ ሆነ፣ አንባቢ በትዕግሥት እንዲመለከተው እለምናለሁ።

አስቀድሞ መሣሪያው ምን እንደ ሆነ መናገር ይገባል። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ዓ.ም. እንዳሳየው፣ የማግኔት መስክ በሚለዋወጥበት ስፍራ የሽቦ ጥቅል ቢያስቀምጡ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይነሣል። ማዳመጫው ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም። ሁለት ትንንሽ የሽቦ ጥቅሎች፣ አንዱ ለቀኝ አንዱ ለግራ ጆሮ፤ የተነሣውን ደካማ ኤሌክትሪክ የሚያጐላ ቺፕ፤ ጥቂት ሬዚስተርና ካፓሲተር፤ ባትሪና የጆሮ ማዳመጫ፤ ይኸው ነው። ዕቃው ሁሉ ተበታትኖ በትንሽ ከረጢት ይመጣል፤ ገዢውም በጋለ ብረት ስታኞ እያቀለጠ የእያንዳንዱን ዕቃ እግር በየቀዳዳው ያጣብቃል። ከነዚህ መሣሪያዎች መካከል በብራቲስላቫ ከተማ ዮናሽ ግሩስካ የሠራው «ኤሌክትሮስሉኽ» የታወቀ ነው። ጀርመናዊቷ የድምፅ ጥበብ ሠራተኛ ክሪስቲና ኩቢሽም ከእ.ኤ.አ. 2004 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ሰዎች ይህን የመሰለ ማዳመጫ አድርገው በከተማ መንገድ የሚዘዋወሩበትን «የኤሌክትሪክ ጉዞ» የተባለውን ሥራዋን በልዩ ልዩ አገር ስታቀርብ ቆይታለች።

የመገጣጠሙ ሥራ ሁለት ማታ ፈጀብኝ። በመጀመሪያው ማታ ሥራዬን ጨርሼ ባትሪውን ባገባ የቀኙ ጆሮ ተናገረ፣ የግራው ግን ዝም አለ። አንድ ጓደኛዬ «ተወውና ሌላ ግዛ» ብሎ መከረኝ። በማግሥቱ መንገዱን ከጥቅሉ ጀምሬ እስከ ቺፑ ብከታተለው፣ እግሩ በደንብ ሳይሞቅ ስታኞ ያንጠባጠብሁበት አንድ ስፍራ አገኘሁ። ላይ ላዩን ሲያዩት የተጣበቀ ይመስላል፤ ኤሌክትሪክ ግን አያሳልፍም። እንደገና አሙቄ ባቀልጠው የግራው ጆሮም ተከፈተ። ይህን የምተርከው ስለ እጄ ሥራ ለመመካት አይደለም፤ ከሁሉ ይልቅ የተማርሁት ከዚያ ዝምታ ስለ ሆነ ነው። የሚመስልና የሆነ ነገር ሁለት ናቸው።

ከዚህ በኋላ ማዳመጫውን ይዤ በቦንጋ ከተማ ተዘዋወርሁ። በአገራችን የመብራት ኃይል በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ፣ ሽቦ ባለበት ሁሉ ያው ወፍራም እምምታ ይሰማል። ከወፍጮ ቤት በር ላይ ሞተሩ ገና ሲነሣ ድምፁ ጆሮ ይሞላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲበራ አንድ ወጥ ሆኖ ያጓራል፤ የስልክ ቻርጀርና አዲሱ ዓይነት አምፑል እንደ ትንኝ በቀጭኑ ይጮኻሉ። ባንደኛው ቀን ማታ መብራት ጠፋ፤ በማዳመጫውም ውስጥ ከተማው በሙሉ በአንድ ጊዜ ሞተ። ጥቂት ቆይቶ ከአንድ ሱቅ ጀኔሬተር ተነሣና ድምፁ ከዚያ ወገን ብቻ መጣ። እውነቱን ለመናገር ይህ ሁሉ ደስ ያሰኛል፤ ሰውም እንዲሞክረው እመክራለሁ።

ነገር ግን የመጀመሪያው ነቀፋዬ ከዚሁ ይነሣል። መብራት በጠፋበት በዚያ ሰዓት ከተማው አልሞተም ነበር። ከተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ሴትዮዋ ቡና ቆልተው በሙቀጫ ይወቅጡ ነበር፤ ጀበናውም በከሰል ላይ ተጥዶ ነበር፤ ልጆችም በፋኖስ ያጠኑ ነበር። ማዳመጫው ከዚህ አንዱንም አልሰማም። ወፍጮውን ይሰማል፣ ሙቀጫውን አይሰማም፤ ምጣዱን በኤሌክትሪክ ከሆነ ይሰማል፣ በእንጨት ከሆነ አይሰማም። ስለዚህ በዚህ መሣሪያ አንድን ከተማ «አዳመጥሁ» የሚል ሰው፣ ያዳመጠው ከተማውን ሳይሆን ኤሌክትሪክ የደረሰበትን ብቻ ነው። በርሊን ውስጥ ልዩነቱ ጠባብ ሊመስል ይችላል፤ በካፋ ግን የሰው ድካም የሚበዛው ጥቅሉ በማይሰማው ወገን ነው።

ሁለተኛው ነቀፋ የጫካው ነገር ነው። የካፋ ጫካ የቡና መገኛ ተብሎ የተመሰገነ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. ደግሞ በዩኔስኮ በባዮስፌር ሪዘርቭነት የተመዘገበ ነው። እንዲህ ያለው ጫካ አንድ ምሥጢር ሊነግረኝ ይገባል ብዬ አስቀድሜ በልቤ ቈርጬ ነበር የሄድሁት። ከዛፍ ላይ ቀፎ የሰቀሉ አንድ አባት አግኝተውኝ ስለ ያዝሁት ዕቃ ጠየቁኝ፤ አስረዳኋቸው። «ልጄ፣ ይኸ ነገር ንቡን ይሰማል ወይ?» አሉኝ። በፈቃዳቸው ወደ ቀፎው ተጠግቼ ብሞክር ምንም የለም፤ የንብ ድምፅ የአየር መርገብገብ እንጂ የማግኔት ለውጥ አይደለምና። «አባባ፣ ይህስ ከንብ የጠለቀውን የሚሰማ ነው» ብዬ መለስሁ። እርሳቸውም ሣቁና «ንብ የማይሰማ ጆሮ ጫካ ገብቶ ምን ይሠራል?» ብለውኝ ሄዱ። ወዲያው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ «ትርርር፣ ትርር፣ ትርርር» የሚል ድምፅ በጆሮዬ መጣ። ቀዳሁት፤ አመጣሁት፤ ተጨበጨበልኝ።

በስብሰባው መጨረሻ አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ተነሥታ «ስልክህ በዚያን ጊዜ የት ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ወደዚያው ዛፍ ተመልሼ ሦስት ጊዜ ፈተንሁት። ስልኩ በርቶ በኪሴ ሳለ ያው ድምፅ መጣ፤ ስልኩን አብርቼ ራቅ አድርጌ ባስቀምጠው ጠፋ፤ ባጠፋው ደግሞ ከማጉያው ከራሱ ሽውታ በቀር ምንም አልተሰማም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ስልክ በሁለተኛው ትውልድ ኔትዎርክ ሲላላክ ኃይሉን በተራ በተራ፣ በሰከንድ 217 ጊዜ ያህል እየቈራረጠ ስለሚተፋ ጥቅሉ ያን ይቀበላል። ከዚህም በላይ ስልክ ከማማው በራቀ መጠን ኃይሉን ይጨምራል። እንግዲህ ከሰው በራቅሁ መጠን «ጫካው» የጐላልኝ ስለዚህ ነው። ካልጠፋ ነገር የገዛ ኪሴን ጩኸት የካፋ ምሥጢር አደረግሁት።

አንዳንድ አንባቢ «ታዲያ ተፈጥሮ የራሷ የማግኔት ድምፅ የላትምን?» ይል ይሆናል። አላት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀርመናዊው ሃይንሪክ ባርክሃውዘን የጠላትን ስልክ በማጉያ ሲያዳምጥ እንግዳ ፉጨት ሰምቶ እ.ኤ.አ. በ1919 ዓ.ም. ስለርሱ ጽፏል፤ ምንጩ መብረቅ መሆኑ ኋላ ታውቋል። የምድርም ማግኔት አለ። በቀድሞው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1958 ዓ.ም. የተደረገውን ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ምክንያት በማድረግ በአባ ፒየር ጉዌን መሪነት የተቋቋመው የአዲስ አበባ ኦብዘርቫቶሪ፣ አገራችን በማግኔት ወገብ አጠገብ በመሆኗ ይህንኑ ለውጥ ሲመዘግብ ኖሯል። ነገር ግን ያ ለውጥ በሰዓትና በቀን የሚቈጠር ዝግተኛ ለውጥ ነው፤ የመብረቁንም ፉጨት ለመያዝ ትልቅ አንቴናና ከመብራት ሽቦ የራቀ ስፍራ ያስፈልጋል። በእጅ መዳፍ የሚያዘው ጥቅል ለዚህ አይበቃም፤ ይበቃል ብሎ መሸጥም ሆነ መስበክ ስሕተት ነው።

በሥነ ጥበብ ረገድስ ምን እንበል? ግብፃዊው ሐሊም ኤል ዳብህ እ.ኤ.አ. በ1944 ዓ.ም. በካይሮ የሽቦ መቅረጫ ይዞ ወደ ዛር ሥርዓት ገብቶ የሴቶቹን ድምፅ ቀዳ፤ ያንንም በመሣሪያ ለውጦ ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ቀደምት ሥራዎች አንዱን አወጣ። በ1960ዎቹም እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አስተምሮ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቁሟል። እርሱ ከሰው ድምፅ ተነሥቶ ወደ መሣሪያ ሄደ፤ ጆሮው ከመሣሪያው ቀደመ። የኩቢሽም ሥራ ሐቀኛ ነው፤ ሽቦ ያለበትን ከተማ ሽቦውን እንዲሰማ ታደርጋለችና። ስሕተቱ የሚመጣው እንደኔ ያለው ሰው መሣሪያውን አስቀድሞ ጆሮውን ሲያስከትል ነው።

በጠቅላላው ፍርዴ ይህ ነው። ማዳመጫው የተሰወረ ዓለም አይገልጥም፤ እኛው የዘረጋነውን ሽቦና እኛው የተሸከምነውን ዕቃ መልሶ ያሰማናል። ይህም ትንሽ ነገር አይደለም። ለፊዚክስ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ርካሽ መምህር አላየሁም፤ ይልቁንም ራሱ ከገጣጠመው የሚሰማውን ከነምክንያቱ ሊያውቅ ይችላል። ነገር ግን ከእንግዲህ ወዲህ በመካከላችን እንዲህ ያለ ቅጂ የሚያቀርብ ሁሉ ስልኩ የት እንደ ነበረ፣ የቅርቡ ሽቦ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ሁሉን አጥፍቶም ደግሞ መሞከሩን አብሮ ይናገር ዘንድ አሳስባለሁ። እኔም በስብሰባው ያሰማሁት ቅጂ ከዛሬ ጀምሮ «የጫካው ድምፅ» መባሉ ቀርቶ «በጫካ ውስጥ የአንድ ስልክ ድምፅ» ተብሎ እንዲጠራ እለምናለሁ። ለጠያቂዋ ተማሪና ለቀፎው ባለቤት ምስጋናዬ የበዛ ነው።