የማልታው ጭልፊት

«ዘ ማልቲዝ ፋልከን» የተባለው ሲኒማ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1941 ዓ.ም. የወጣ ነው፤ ዳሺል ሐሜት በ1930 ካሳተመው ልብ ወለድ ጆን ሂውስተን አዘጋጀው፥ ለእርሱም የበኵር ሥራው ነበረ። ዛሬ ወዳጆቹ በየቤታቸው ሆነው በኢንተርኔት በአንድ ሰዓት ይከፍቱታል፥ እያዩም ይጻጻፋሉ። ምሥጢሩን አብዛኞቹ አስቀድመው ያውቁታል፤ ወፉ ወርቅ ሳይሆን እርሳስ ነው። ታዲያ ምን ቀረ ቢሉ፥ ፍርዱ ቀረ። ሃምፍሬይ ቦጋርት የሚጫወተው መርማሪ ስፔድ፥ ባልንጀራውን የገደለችውን፥ ልቡም የከጀላትን ሴት ለፖሊስ ሊሰጣት ቈርጦ ምክንያቱን አንድ በአንድ ይቈጥርላታል። የሚፈርደው በእርሷ ላይ ብቻ አይደለም፤ በገዛ ልቡም ላይ ነው እንጂ። እስከዚያ ድረስ መጻጻፉ ደስታን ይጨምራል፤ የወፍራሙ ሰውዬ የሲድኒ ግሪንስትሪት ሣቅማ ብቻን አይታይም። የአሳንሰሩ ፍርግርግ በሴቲቱ ፊት ላይ ሲዘጋ ግን ቀልድ የሚጽፍ ሰው ሲኒማውን አላየውም።