ከፊደሉ የተለየ የዜማ ምልክት

የአውሮፓን ኖታ የሚያዘጋጁ ሶፍትዌሮች፣ ሲቤሊየስም ሆነ ዶሪኮ ወይም ሙዝስኮር፣ ስለ አንዲት ነጥብ ብዙ ተጨንቀዋል። ይህቺ ነጥብ ስታካቶ የምትባለው፣ ድምፁ አጥሮ እንዲቆረጥ የምታዝዘው ናት። የኖታው ዘንግ ወደ ላይ ሲሆን ከራሱ በታች፣ ወደ ታች ሲሆን ከራሱ በላይ ትቀመጣለች፤ ኖታው ቦታ ቢለውጥ ተከትላው ትሄዳለች። አቀማመጧ ያላማረው ሰው በእጁ ፈቀቅ ቢያደርጋትም የዚያው ኖታ መሆኗ አይቀርም። የነዚህ መሣሪያዎች ዋና ቁም ነገር ውበት ሳይሆን ይህ ዝምድና ይመስለኛል።

በትውፊት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ሠሯቸው የሚባሉት የእኛ የዜማ ምልክቶች ግን በኮምፕዩተር ላይ ይህን ዝምድና አላገኙም። በ1997 ዓ.ም. ዩኒኮድ በ4.1 እትሙ ይዘትን፣ ደረትን፣ ርክርክን፣ ድፋትን፣ ቅናትን፣ ጭረትን፣ ሂደትንና ቁርጥን ጨምሮ ዐሥር ምልክቶች መዝግቧል። መመዝገባቸው መልካም ነው። ሆኖም እያንዳንዱ ራሱን ችሎ በመስመሩ ላይ ቦታ ይይዛል እንጂ በፊደል ራስ ላይ አይወጣም። የሚያስገርመው፣ በዚያው መዝገብ የማጥበቂያው ምልክት ከፊደሉ ጋር ተጣብቆ በላዩ እንዲቀመጥ መደረጉ ነው።

ለመዝጋቢዎቹ የሚሆን መከላከያ አለ፤ ችላ ሊባልም አይገባውም። የዜማ ምልክት እንደ ማጥበቂያ አንድ ሆኖ በአንድ ፊደል ላይ ብቻ አያርፍም፤ በተከታታይ ይደረደራል፣ ከፊደላት የተወሰዱ ሌሎች ምልክቶችም አብረውት ይጻፋሉ። ስለዚህ ዩኒኮድ አቀማመጡን ከእርሱ በላይ ላለ ሌላ ሥርዐት ትቶታል። ክርክሩ ትክክል ነው፤ ሥራው ግን በግማሽ ቀርቷል።

ውጤቱን የሚያየው ተያቢው ነው። ምልክቶቹን በላይኛው መስመር ጽፎ በባዶ ቦታ እየገፋ ከፊደሉ ትይዩ ያደርሳቸዋል፤ የፊደሉ መጠን በተለወጠ ጊዜ ሁሉም ይንሸራተታሉ። (የድጓ ቁም ጸሐፊ ይህ ችግር የለበትም፤ ጽሑፉን አድቅቆ በመስመሮቹ መካከል ስፍራ ይተዋል፣ እጁም ቦታውን ያውቃል።) ዜማ የሚጠናው ከመምህር አፍ ነው፣ ምልክቱ ማስታወሻ ብቻ ነው የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው። ይሁን እንጂ ደረት ከአንዱ ፊደል ወደሚቀጥለው ካለፈ ማስታወሻው ከመምህሩ ጋር ይጣላል፤ መምህሩ በሌለበት የብራና ቅጂዎችን የሚያነጻጽር ተመራማሪማ የጸሐፊውን ሐሳብ ከተያቢው ስሕተት የሚለይበት መንገድ የለውም።

ጃፓኖች በቃል ራስ ላይ ንባቡን የሚያሰፍሩበት ሩቢ የተባለው ዘዴ ለእኛ ፍላጎት የሚቀርብ ነው፤ የላይኛው ጽሑፍ ከታችኛው ጋር ታስሮ አብሮ ይሄዳልና። የዜማችንን ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ምልክቱን ከፊደሉ ወይም ከቃሉ ጋር ይሰር፤ ፈቀቅ ማድረጊያውን ከዚያ በኋላ ይጨምርበት።