ተጀምሮ ስለ ቀረ ጨዋታና ስለ ተረፉት ሥዕሎቹ

ሥዕል ሁሉ ለመታየት ብቻ አይሣልም። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሊጸለይበት፥ የመሐንዲስ ንድፍ ሊሠራበት፥ የጥልፍ ንድፍም ክር ሊከተለው ይሣላል። በዘመናችን ከእነዚህ ወገን የሚቈጠር ሌላ የሥዕል ዐይነት ተጨምሯል። ይኸውም የቪዲዮ ጨዋታ የሚያዘጋጁ ድርጅቶች ጨዋታው ከመሠራቱ በፊት ሠዓልያንን ቀጥረው የሚያሥሉት፥ ባለሙያዎቹ ኮንሰፕት አርት የሚሉት፥ እኛም በዚህ ጽሑፍ የውጥን ሥዕል የምንለው ነው። ጨዋታው ተፈጽሞ ለሕዝብ ሲቀርብ የውጥን ሥዕሉ አገልግሎቱን ጨርሷልና የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነው። ጨዋታው ተጀምሮ ሲቀር ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ሥዕሉ ብቻ ይተርፋል፤ ተመልካቹም ተጫውቶት የማያውቀውን ጨዋታ በሥዕሉ ውስጥ እያየ ያዝናል፥ ያደንቃል፥ «ይህ ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ» ይላል። ይህ አድናቆት ምን ያህል ትክክል እንደ ሆነ መመርመር ተገቢ ይመስለናል።

ለምርመራው የሚበጀው ምሳሌ በአሜሪካ አገር «ፕሮጀክት ኮፐርኒከስ» በሚል ስም ተወጥኖ የቀረው ጨዋታ ነው። ከርት ሺሊንግ የተባለው ስመ ጥር የቤዝቦል ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ የጨዋታ ድርጅት አቋቋመ፤ ድርጅቱም ኋላ በተጫዋቹ የመለያ ቍጥር «38 ስቱዲዮስ» ተባለ። ለሚፈጠረው ዓለም «አማሉር» የሚል ስም ወጣለት። ደራሲው አር. ኤ. ሳልቫቶሬ የዐሥር ሺሕ ዓመት ታሪክ እንዲደርስለት፥ በሥዕላዊ መጻሕፍት የታወቀው ቶድ ማክፋርሌን ደግሞ የሥዕሉን ሥራ እንዲመራ ተደረገ። የታሰበው፥ ብዙ ሺሕ ሰዎች እየየቤታቸው ተቀምጠው በአንድነት የሚገቡበት ሰፊ የተረት ዓለም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ሮድ አይላንድ የተባለው ትንሹ የአሜሪካ ግዛት ለ75 ሚሊዮን ዶላር ብድር ዋስ ሆነ፤ ድርጅቱም በአጸፋው ወደ ግዛቱ ዋና ከተማ ወደ ፕሮቪደንስ ተዛውሮ 450 ሰዎችን ሊቀጥር ተስማማ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2012 በዚያው ዓለም ላይ የተመሠረተ፥ አንድ ሰው ብቻውን የሚጫወተው «ኪንግደምስ ኦቭ አማሉር፡ ሬኮኒንግ» የተባለ ሌላ ሥራ ለገበያ ቀረበ። ነገር ግን ዐራት ወር ሳይሞላ፥ በግንቦት፥ ሠራተኞቹ በሙሉ ተሰናበቱ፤ በሰኔም ድርጅቱ መክሠሩን ለፍርድ ቤት አመለከተ። ዋናው ጨዋታ፥ ኮፐርኒከስ፥ ሳይወለድ ቀረ። ግዛቱ ከብዙ ክርክር በኋላ 61 ሚሊዮን ዶላር ያህል በስምምነት ቢያገኝም፥ ዕዳው ከነወለዱ ከዚያ የሚበልጥ ነበር።

የመንግሥት ሥራ የያዘ አንባቢ ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ብድሩ ሲሰጥ መያዣ ሆኖ የቀረበው ሕንፃ ወይም እርሻ አልነበረም፤ ከመያዣው ዋናው የድርጅቱ ሐሳብ፥ ጽሑፍና ሥዕል ነበር። በተረት አገር ያለ ከተማ ሥዕል የሕዝብ ገንዘብ ዋስትና ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ሥዕሉ ምን ያህል ይመዝናል የሚለው ጥያቄ የሥነ ጥበብ ወዳጆች የቡና ላይ ጨዋታ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

የውጥን ሥዕል እንዴት እንደሚሣል ማወቅ ለፍርድ ይረዳል። ሠዓሊው በመጀመሪያ በአውራ ጣት ጥፍር ልክ ብዙ ጥቁር ጥላዎችን ይደረድራል፤ ጀግናው ወይም አውሬው ከሩቅ ሲታይ በጥላው ብቻ መለየት አለበትና። ከእነዚህ ጥቂቶች ተመርጠው ገጽ ያገኛሉ፤ ከዚያም ቀለምና ብርሃን ይፈተንባቸዋል። በመጨረሻ አንዱ ፍጡር ከፊት፥ ከጐንና ከኋላ ተሥሎ፥ ቀበቶው ቆዳ ይሁን ብረት፥ ካባው ይጠፍ ወይስ ይጠንክር፥ በዳር በዳሩ ይጻፍበታል። ይህን ገጽ የሚጠብቀው ሌላ ባለሙያ አለ፤ እርሱም በኮምፒዩተር ቅርጹን የሚያበጀው ነው። ከዚህ የተለየ ሁለተኛ ዐይነት ደግሞ አለ። ይህኛው ሰፊ፥ ያማረ፥ ጭጋግና የማታ ፀሐይ የበዛበት ሆኖ፥ በጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ሰው ቆማ ግዙፍ ግንብ ስትመለከት የሚያሳይ ነው። የመጀመሪያው ዐይነት ለሠራተኛ የተሣለ ትእዛዝ ሲሆን፥ ሁለተኛው ለአበዳሪ የተሣለ ተስፋ ነው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

የቀሩ ጨዋታዎች ወዳጆች እየለቀሙ የሚያደንቁት በአብዛኛው ሁለተኛውን ነው። እኛ ግን ወደ መጀመሪያው እናደላለን። ጭጋግ ብዙ ይሸፍናል፤ ግንቡ በር ይኑረው አይኑረው ሠዓሊው እንዲወስን አያስገድደውም። በዳሩ ማስታወሻ የተጻፈበት ገጽ ግን ሐሳቡ እስከ ምን ድረስ እንደ ታሰበ ይመሰክራል።

ድርጅቱ በወደቀበት በዚያው በግንቦት ወር ከኮፐርኒከስ የተወሰደ አንድ አጭር የቪዲዮ ትርኢት ለሕዝብ ታይቶ ነበር። ተመልካቹ እንደ ንስር በአየር ላይ እየተንሳፈፈ ገደል፥ ከተማና ግንብ ያያል። ሥራው በእውነት ያማረ ነው። ይሁን እንጂ ትርኢቱ ቦታን እንጂ ድርጊትን አያሳይም። ወደዚያ ከተማ የሚገባ ሰው ምን እንደሚሠራበት፥ ምን እንደሚፈራና ምን እንደሚፈልግ ከትርኢቱ አይገኝም። ጨዋታ ማለት ደግሞ ድርጊት ነው፤ እጅግ ያማረ የገበጣ ሰሌዳ ተጠርቦ ጠጠሩ እንዴት እንደሚዘራ ባይታወቅ ሰሌዳው ጣውላ ነው።

ይህን ስንል አማሉር ሐሳብ አልነበረውም ማለታችን አይደለም። እንዲያውም ለገበያ በደረሰው ሥራ ውስጥ ያየናቸው ሁለት ሐሳቦች ከሥዕሉ ሁሉ ይልቅ ያስደንቁናል። አንደኛው፥ ጀግናው ታሪኩን የሚጀምረው ሞቶ ነው፤ በሬሳ ክምር ላይ ተጥሎ ሳለ «የነፍሳት ጕድጓድ» በተባለ ምንጭ ኀይል ይነሣል፤ ከሞት በመመለሱም የተጻፈለት ዕድል የሌለው ብቸኛ ሰው ይሆናል። በቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ ሞት የአሠራር ጣጣ ነው፤ ተጫዋቹ ገንዘቡን ከፍሏልና ስንት ጊዜ ቢወድቅም መነሣት አለበት። ደራስያኑ ይህን ጣጣ ደብቀው እንደ ማለፍ የታሪኩ ምሰሶ አደረጉት። (በስሟ አርባ ምንጭ የያዘች ከተማ ነዋሪ፥ ምንጭ ነፍስን ይመልሳል ቢሉት የሚደንቀው አይመስለንም።) ሁለተኛው፥ በዚያ ዓለም የማይሞቱ ጥንታውያን ፍጡራን አሉ፤ ከእነርሱም አንዱ ወገን የጀግኖቹን ታሪክ በዜማ ይዞ ያንኑ ገድል ከዘመን ወደ ዘመን እየደገመ ይፈጽማል። እልፍ ሰው አንዱን ዘንዶ እየተራ በሚገድልበት ጨዋታ ውስጥ መደጋገም አሰልቺ ጕድለት ነው፤ እዚህ ግን ሃይማኖት ሆነ። እንዲህ ያለው ሐሳብ በውጥን ሥዕል ላይ ሊታይ አይችልም። ጕድጓዱን መሣል ይቻላል፤ መመለስን መሣል ግን አይቻልም።

ታዲያ የሥዕሉ ጥቅም ምንድን ነው ለሚለን፥ መልሱ ከሲቀላ ብዙ ሳይርቅ ይገኛል። በአባያና በጫሞ ሐይቆች መካከል ባለው የነጭ ሣር ሜዳ፥ እ.ኤ.አ. በ1990 ከእንግሊዝ አገር የመጡ ተመራማሪዎች በጥርጊያ መንገድ ላይ የሞተ፥ የተጨፈለቀም፥ የሌሊት ወፍጮ ሳይሆን በሌሊት የሚበርር አንድ ወፍ አገኙ። ከአካሉ ሊተርፍ የቻለው አንድ ክንፍ ብቻ ስለ ነበር እርሱን ይዘው ተመለሱ። ላባው ከታወቁት የዚያ ወገን ወፎች ሁሉ ጋር ቢተያይ ከአንዱም አልገጠመም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1995 በሳይንስ መጽሔት ላይ አዲስ ዘር ተብሎ ተመዘገበ፤ በላቲንም «ሶላላ»፥ ማለት «ብቸኛ ክንፍ» የሚል ስም ተሰጠው። ከዚያ ወዲህ ራሱን የቻለ ዘር ስለ መሆኑ ጥርጣሬ ያነሡ ምሁራን አሉ። ክንፉ ግን በእንግሊዝ አገር ትሪንግ በተባለው ስፍራ በሚገኘው ቤተ መዘክር ተቀምጧል፤ የሚከራከሩትም ሁሉ የሚከራከሩት በእርሱ ላይ ነው። ልብ እንበል፤ ተመራማሪዎቹ ከክንፉ ተነሥተው የወፉን ድምፅና ጎጆ አልፈጠሩም። የለካቸውን ለክተው፥ የተገኘበትን ስፍራና ጊዜ ጽፈው፥ የቀረውን ባዶ ተዉት። የቀረን ጨዋታ ሥዕል የሚሰበስብ ሰውም እንዲህ ቢያደርግ፥ ከማይታይ ጨዋታ ጋር ከመፋቀር በዳነ ነበር።

ያልተሠራ ነገር ሁልጊዜ ከተሠራው ይበልጣል፤ ማንም ነካክቶ ጕድለቱን አላገኘበትምና። ለዚህ ማስረጃ ይሆነን ዘንድ «ወርክራፍት አድቬንቸርስ» የተባለውን እንመልከት። ብሊዛርድ የተባለው ድርጅት ይህን ጨዋታ ሊፈጸም ጥቂት ሲቀረው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1998 ሰረዘው። በምርኮ ያደገውና ኋላ የወገኖቹ መሪ የሚሆነው ትራል የተባለው ጀግናው ለብዙ ዓመታት በጥቂት ሥዕሎች ብቻ ይታወቅ ነበር፤ በዚያም ላይ ብዙ ቍጭት ተቈለለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ጨዋታው ተገባድዶ ሊያልቅ የደረሰበት ቅጂ ከድርጅቱ ፈቃድ ውጭ ወጣና ሰው ሁሉ አየው። በእኛ ግምት የታየው ደኅና፥ ነገር ግን መጠነኛ ሥራ ነው፤ በሥዕሉ ዙሪያ የተነገረውን ያህል አይደለም። ሐሳቡ ግን ከዚያ አስቀድሞ ሌላ ልብስ ለብሶ ነበር፤ ክሪስቲ ጎልደን እ.ኤ.አ. በ2001 ልብ ወለድ አድርጋ ጽፋዋለች፤ ትራልም በ2002 በወጣው ሦስተኛው ወርክራፍት ውስጥ ታላቅ ሰው ሆኖ ገብቷል። ጠፋ የተባለው ታሪክ አልጠፋም ነበር።

የዚህ ተቃራኒ በጋሞ ደጋ ላይ ቆሞ ይታያል። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ተሸምኖ፥ በእንሰት ቅጠልና በቀርከሃ ሽፋን ተከድኖ፥ እስከ 12 ሜትር ከፍታ ይደርሳል፤ ፊቱም የዝሆን ፊት ይመስላል። ዝሆን በአካባቢው ይኖር ስለ ነበር ቤቱ በእርሱ አምሳል ተሠራ ይባላል። ምስጥ ሥሩን በበላው መጠን ቤቱ እያጠረ ይሄዳል፤ ባለቤቱ ስፍራ ሊቀይር ቢፈልግ ብዙ ሰው ተሸክሞ ያዛውረዋል። ይህ ቤት የውጥን ሥዕል ኖሮት አያውቅም። ሐሳቡ ያለው በሸማኙ እጅ ነው፤ ከአባት እጅ ወደ ልጅ እጅ የሚተላለፈውም ቤቱ በተሠራ ቍጥር ነው። አማሉር ሥዕል ነበረው፥ ቤት አልነበረውም፤ ዶርዜ ቤት አለው፥ ሥዕል የለውም። ከሁለቱ ለመጥፋት የሚቀርበው የቱ እንደ ሆነ በቀላሉ ለመፍረድ አይቻልም፤ የሚሠራ እጅ በጠፋ ዕለት የዶርዜውም ሐሳብ ወረቀት የለውምና።

ይህ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። እንደ ብዙዎቹ የአገራችን ከተሞች ሁሉ በሲቀላም ወጣቱ ገንዘብ እየከፈለ የሌላውን አገር ኳስና ጦርነት በጨዋታ ቤት ይጫወታል። በአዲስ አበባ ግን «ቅኔ ጌምስ» የተባለው ድርጅት «ኩኩሉ»ንና «ገበጣ»ን በስልክ ለመጫወት እንዲመች አድርጎ አውጥቷል፤ «ጀምበር» የተባለው ሥዕላዊ ታሪክም ኢትዮጵያዊ ጀግና ይዞ ቀርቧል። በካሜሩን ያውንዴ የሚገኘው «ኪሮኦ ጌምስ» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 «ኦሪዮን» የተባለ፥ ከአፍሪካ ተረትና እምነት የተቀዳ ሙሉ ጨዋታ ፈጽሞ ለዓለም አቅርቧል። እንግዲህ የሚጀመር ይበዛል፤ ከሚጀመረውም የሚቀር ይኖራል።

በቀረ ጊዜ ሥዕሉ የማን ይሆናል? በአሜሪካው ጉዳይ ሠዓልያኑ የድርጅቱ ቅጥረኞች ስለ ነበሩ ሥዕላቸው ከወንበሩና ከጠረጴዛው ጋር ለባለ ዕዳ ጠያቂው ተላለፈ፤ የአማሉርንም መብት እ.ኤ.አ. በ2018 «ቲ.ኤች.ኪው. ኖርዲክ» የተባለ ድርጅት ገዝቶ በ2020 የቀድሞውን ሥራ አድሶ አወጣ። ኮፐርኒከስ ግን እንዳለ ቀረ። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 መሠረት፥ የተለየ ውል ከሌለ በቀር ተቀጣሪ በሥራው ያመነጨው ሥራ ባለመብት አሠሪው ነው። ሠዓሊው በስሙ የመጠራት የሞራል መብቱ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ነው ቸልታው የሚበዛው። ዛሬ ከኮፐርኒከስ የተረፉት ብዙዎቹ ገጾች የሣላቸው ሰው፥ የተሣሉበት ወር፥ ለየትኛው ባለሙያ እንደ ተሰጡ ሳይታወቅ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ። ከነጭ ሣር የተወሰደው ክንፍ ከእነርሱ ይልቅ በሥርዐት ተይዟል።

ስለዚህ ለሥዕል መምህራን አንድ ነገር እንጠይቃለን። ተማሪያቸው በዝሆን ፊት ቤቶች የተሞላ፥ ከእግዜር ድልድይ በላይ የተንጠለጠለ ከተማ ሥሎ ቢያመጣላቸው፥ ስለ ደመናው ከማመስገናቸው በፊት በሩ በየት በኩል እንደ ሆነና በውስጡ የገባ ሰው ምን እንደሚሠራ ይጠይቁት። መልሱን በሥዕሉ ዳር ይጻፈው። በጀርባውም ስሙን፥ ቀኑንና ሥዕሉን ለማን ብሎ እንደ ሣለው ያስፍር።